19.8 ጋውስ፦ በእጅ የተጠመጠመ ኮይልና የሚበተኑ የሲዚየም ሞለኪውሎች (የሥራ ማስታወሻ፣ ጎንደር)

ሳምንት 1

ክፍሉ ውስጥ ሲዚየም (ከአልካሊ ብረቶች አንዱ) የለም። ቫኪዩም ፓምፕም ሌዘርም የለም። ያለው 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ፣ የሞተር መጠምጠሚያ ሽቦ፣ አንድ አርዱዊኖና አንድ ላፕቶፕ ነው። ሥራው ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ እውነተኛ ኮይል ሠርቶ የሚያወጣው መግነጢሳዊ መስክ (በጋውስ የሚለካ) ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚሄድ መለካት፤ ቀጥሎ የተለካውን መስክ ለፓይተን ፕሮግራም ሰጥቶ፣ እዚያ መስክ ውስጥ እጅግ የቀዘቀዙ ሞለኪውሎች ቢኖሩ መቼና በምን ያህል ጉልበት እንደሚበተኑ ማስላት። ሞለኪውሎቹ የስሌት ናቸው፤ መስኩ፣ ጩኸቱ (የመስኩ የማይፈለግ መዋዠቅ) እና ስህተቱ ግን የእውነት ነው።

ሐሳቡ በአጭሩ፦ ሁለት ነጻ አቶሞችና ከእነሱ የተሠራ ልል ሞለኪውል መግነጢሳዊ ሞመንታቸው (መስክ ጉልበታቸውን የሚቀይርበት መጠን) እኩል አይደለም። ስለዚህ መስኩ ሲቀየር የሁለቱ ጉልበት በተለያየ ፍጥነት ይወጣል ወይም ይወርዳል፣ አንድ ቦታ ላይም ይገናኛሉ። ያ ቦታ ፌሽባክ ሬዞናንስ ነው። መስኩን በአንድ አቅጣጫ ቀስ አድርገው ሲያሳልፉት አቶሞች ይጣመራሉ፤ ሲመልሱት ጥንዱ ይበተናል። በ2003 በቦልደር (አሜሪካ) የጂላ የምርምር ተቋም ቡድን ከፖታሲየም-40፣ በኢንስብሩክ (ኦስትሪያ) ያለው ቡድን ደግሞ ከሲዚየም በዚህ መንገድ ሞለኪውል ሠርተዋል።

የትኛውን አቶም እንምረጥ? ፖታሲየም-40 ሬዞናንሱ 202 ጋውስ አካባቢ ነው፣ ሶዲየም 907፣ ሩቢዲየም-87 ደግሞ 1007። በአየር በሚቀዘቅዝ የእጅ ኮይል እዚያ መድረስ አይታሰብም። ሲዚየም ግን 19.8 ጋውስ ላይ አንድ አለው። ችግሩ ስፋቱ (ሬዞናንሱ የሚይዘው የመስክ ክልል) ነው፦ 5 ሚሊጋውስ ገደማ። ከ19.8 ጋውስ ጋር ሲነጻጸር ከ4,000 አንድ እጅ ማለት ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከዚህች ቁጥር ጋር የተደረገ ትግል ነው።

ሳምንት 2፦ ኮይሉ

ሽቦው ቫርኒሽ የተቀባ 1 ሚሊሜትር መዳብ ነው፣ ከሞተር ጠምጣሚዎች በኪሎ የሚገዛው። የሚያስፈልገው 45 ሜትር ገደማ፣ 320 ግራም ያህል ነው፤ ግማሽ ኪሎ ተወሰደ። ትርፉ አይጎዳም፤ ለሙከራ ያልቃል።

ከፒቪሲ ቱቦው ሁለት ቀለበት ተቆረጠ። ለእያንዳንዱ ከኮምፔርሳቶ ሁለት ክብ ጠርዝ ተሠርቶ በኮላ ተጣበቀ፣ በመሃላቸው 9 ሚሊሜትር ቦታ ተትቶ። ቀለበት በቀለበት 60 ዙር፣ 8 ዙር በአንድ ንብርብር። አማካይ ራዲየሱ 59 ሚሊሜትር መጣ። ሁለቱ ኮይሎች በራዲየሳቸው ያህል ተራርቀው ሲቀመጡ (የሄልምሆልዝ አቀማመጥ) ስሌቱ በ1 አምፔር 9.14 ጋውስ ይላል፤ ለ19.8 ጋውስ 2.17 አምፔር። የሁለቱ ሬዚስታንስ ተደምሮ 1 ኦም አይሞላም፣ ኢንዳክታንሱ በስሌት 1.8 ሚሊሄንሪ ገደማ ነው።

የመጀመሪያው ጥምጠማ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ሽቦው ሲወጠር ቀለበቱ ወደ ውስጥ ሞለል አለ፤ አራተኛው ንብርብር ላይ ዙሮቹ እርስ በርስ መደራረብ ጀመሩ። በሁለተኛው ሙከራ ቱቦው ውስጥ በልኩ የተቆረጠ እንጨት ተወትፎ ነው የተጠመጠመው። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ፍቁ፤ ቫርኒሹ በግማሽ ከቀረ ሶልደሩ የያዘ ይመስልና ሬዚስታንሱ በየቀኑ ይለያያል።

አቀማመጡ ላይ አንድ የጎንደር ጥቅም አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ስለሚያልፍ የምድር መስክ እዚህ ከሞላ ጎደል አግድም ነው፣ መጠኑም 0.36 ጋውስ ገደማ። ኮይሉ ዘንጉን ወደ ሰሜን አድርጎ ቢጋደም 0.36 ጋውስ እንዳለ ይደመራል ወይም ይቀነሳል። ዘንጉ ወደ ላይ ሲቆም ግን ሁለቱ መስኮች ቀጤ ናቸው፤ ድምሩ የካሬዎቹ ድምር ሥር ስለሆነ 19.8 ጋውስ ላይ የሚጨምረው 3.3 ሚሊጋውስ ብቻ ነው። ኮይሉ ቆመ። የቀረችው ትንሽ የቁም ክፍል አትለዋወጥም ብለን አለፍናት (ሳምንት 9 ላይ ትመጣለች)።

ሳምንት 3፦ ቮልቴጅ አይደለም፣ ከረንት

ኮይሉ ከአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ጋር በሬዚስተር በኩል ተያያዘ። ከ20 ደቂቃ በኋላ መስኩ ከ19.8 ወደ 19.4 ወርዷል። መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሬዚስታንሱ 0.39 በመቶ ያድጋል፤ ቮልቴጁ ቋሚ ሲሆን ኮይሉ በሞቀ ቁጥር ከረንቱ ይቀንሳል። 400 ሚሊጋውስ ማለት የሬዞናንሱን ስፋት 80 ጊዜ ነው። ይሄ መንገድ እንደማያዋጣ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ ግን ምን ያህል እንደማያዋጣ ማየቱ አልከፋም።

ስለዚህ የከረንት መቆጣጠሪያ፦ አንድ ሞስፌት (ከረንት የሚቆጣጠር ትራንዚስተር፤ አይአርኤፍፒ 250፣ ከተበላሸ ኢንቨርተር የወጣ)፣ አንድ ኦፕ-አምፕ (የቮልቴጅ ልዩነት ማጉያ)፣ አንድ 0.1 ኦም ሻንት (ከረንት መለኪያ ሬዚስተር)። ኦፕ-አምፑ የሻንቱን ቮልቴጅ ከተፈለገው ጋር እያነጻጸረ ሞስፌቱን ይከፍታል ይዘጋል። 2.17 አምፔር ላይ ሻንቱ 217 ሚሊቮልት ይሰጣል።

መጀመሪያ የገባው ኤልኤም 358 ነበር፣ በየጥገና ቤቱ ስለማይጠፋ። በዲግሪ 7 ማይክሮቮልት ያህል ይንሸራተታል፤ ክፍሉ ከጠዋት እስከ ቀትር 10 ዲግሪ ሲለዋወጥ 70 ማይክሮቮልት፣ ማለትም 6 ሚሊጋውስ። ስፋቱ እንዳለ ሄደ ማለት ነው። በኦፒ 07 ተተካ፣ መንሸራተቱ በዲግሪ ከ2 ማይክሮቮልት በታች የሆነ።

ሻንቱ የባሰ ነበር። ነጩ የሲሚንቶ ሬዚስተር ሙቀት ሲነካው ዋጋውን ይለውጣል፤ የተቀመጠው ደግሞ ከሞስፌቱ ሂትሲንክ (ሙቀት ማስወጫ ብረት) ጎን። በ12 ቮልት ሞስፌቱ ላይ 21 ዋት ይቃጠል ነበር። መፍትሔው ሦስት ነገር ሆነ፦ ከኮይሉ ጋር በተከታታይ 3 ኦም የኃይል ሬዚስተር ተጨምሮ አብዛኛው ሙቀት ወደዚያ ሄደ፣ ሞስፌቱ ላይ የቀረው 7 ዋት ነው፤ ሻንቱ ከሂትሲንኩ 20 ሴንቲሜትር ራቀ፤ የሲሚንቶው ሬዚስተር ወጥቶ አሥር 1 ኦም ሜታል ፊልም ሬዚስተሮች በፓራለል ገቡ። ግማሽ ዋቷ ለአሥር ስለምትካፈል ለብ ከማለት አያልፉም። ከፍታችን ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የሂትሲንክ ሠንጠረዥ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ አትመኑ፣ አንድ መጠን ከፍ ያለውን ውሰዱ።

ሳምንት 4፦ ደረጃው ከስፋቱ ሲበልጥ

ትእዛዙ ከአርዱዊኖ በኤምሲፒ 4725 ዳክ (ቁጥርን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር ቺፕ) በኩል ይመጣል። 12 ቢት ነው፣ 4,096 ደረጃ። ከ0 እስከ 25 ጋውስ ሲዘረጋ አንዱ ደረጃ 6.1 ሚሊጋውስ ይሆናል። ሬዞናንሱን በአንድ እርምጃ ዘሎ የሚያልፍ መሣሪያ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። በተጨማሪ ይሄ ዳክ ማመሳከሪያው የራሱ 5 ቮልት መስመር ነው፤ የላፕቶፑ ዩኤስቢ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መስኩ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

የተደረገው፦ ዋናው 19.8 ጋውስ ከቲኤል 431 ማመሳከሪያ (ከሞተ ፓወር ሰፕላይ የተነቀለ፣ ሁሉም ውስጥ አለ) በዲቫይደር (ቮልቴጅን በሬዚስተሮች በሚከፍል) ተወሰደ። ዳኩ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ግማሽ ጋውስ ብቻ ነው። አሁን አንዱ ደረጃ 0.24 ሚሊጋውስ ሆነ፣ የዩኤስቢው መንቀጥቀጥም በዚያው መጠን አነሰ። ዲቫይደሩ ላይ ቮልዩም (ተለዋዋጭ ሬዚስተር) አታስገቡ፤ ስትነኩት ብቻ ሳይሆን ስትተዉትም ይንሸራተታል። ቋሚ ሬዚስተሮችን በመደራረብ ይስተካከል።

መለኪያው ኤስኤስ 49ኢ የሆል ሴንሰር (መግነጢሳዊ መስክን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር) ነው። በወረቀቱ በ1 ጋውስ 1.4 ሚሊቮልት ይሰጣል። የአርዱዊኖው የራሱ ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይር) አንድ ቁጥር 4.9 ሚሊቮልት ስለሆነ 3.5 ጋውስ ይዘላል፣ አይረባም። ኤዲኤስ 1115 የተባለው ውጫዊ ኤዲሲ በ16 እጥፍ ማጉላት፣ ከ2.5 ቮልት ዲቫይደር ጋር በልዩነት ተነቦ፣ 5.6 ሚሊጋውስ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ የሴንሰሩ የራሱ ጩኸት ግን ከዚያ ይበልጣል። በዚያ ላይ 1.4 የተባለው ከሴንሰር ሴንሰር በጣም ይለያያል። ስለዚህ ኮይሉን በሴንሰሩ ሳይሆን ሴንሰሩን በኮይሉ ነው የለካነው፦ ርቀቱ በካሊፐር ሲለካ 61 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ (2 ሚሊሜትር ስህተት መስኩን 2 በመቶ ይቀንሳል)፣ ተስተካከለ፣ ከዚያ 9.14 እንደ እውነት ተወሰደ። ከረንቱን አገላብጦ ሁለት ንባብ መውሰድና የልዩነቱን ግማሽ መያዝ የሴንሰሩን ዜሮና የምድርን መስክ አብሮ ያጠፋል።

እውነተኛ ላብራቶሪ ውስጥ መስኩ የሚለካው በራሳቸው በአቶሞቹ ነው፤ በዝቅተኛው የሲዚየም ደረጃ ውስጥ በሁለት ጎረቤት ንዑስ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት በ1 ጋውስ 350 ኪሎኸርዝ ይንቀሳቀሳል፣ 5 ሚሊጋውስ ማለት 1.75 ኪሎኸርዝ ነው፣ በሬዲዮ ሞገድ በቀላሉ ይለያል። እኛ ጋ ፍጹማዊው ዋጋ በዚያ ደረጃ አይታወቅም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የመስኩ ፍጥነትና ጩኸቱ ነው፤ ሬዞናንሱ ፕሮግራሙ ውስጥ ራምፑ (መስኩ በእኩል ፍጥነት የሚወጣበት ጉዞ) መሃል ላይ ይቀመጣል።

ወጪ እስከዚህ፦ ከፍ ያለው ሽቦውና ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጡት አርዱዊኖ፣ ዳክና ኤዲሲ ናቸው። ሞስፌት፣ ቲኤል 431፣ ሂትሲንክና 12 ቮልት ባትሪ (ከአሮጌ ዩፒኤስ) ከጥራጊ ስለወጡ አልተከፈለባቸውም። የሜታል ፊልም ሬዚስተር ጥቅሉን ግዙ፤ አንድ በአንድ ሲገዛ ከአርዱዊኖው ይወደዳል።

ሳምንት 5፦ ፕሮግራሙ

የገቡት ቁጥሮች፦ የሬዞናንስ ስፋት 5 ሚሊጋውስ፣ ከሬዞናንስ ራቅ ሲባል ያለው የስካተሪንግ ርዝመት (አቶሞቹ ሲጋጩ የመነካካታቸው ጥንካሬ) 160 ቦር ራዲየስ (የአቶም ርዝመት አሃድ)፣ የሞመንት ልዩነት 0.57 ቦር ማግኔቶን (የሞመንት አሃድ)። ልዩነቱ የሚመጣው ሁለቱ አቶሞች አንድ ላይ 1.5፣ ሞለኪውሉ 0.93 ስለሆኑ ነው። ሞለኪውሉ ከ19.8 በታች ታስሮ ይኖራል፤ መስኩ ሲወጣ ከነጻ አቶሞቹ በላይ ይሆንና መበተን ይችላል። ከሬዞናንሱ በላይ ያለችው እያንዳንዷ ሚሊጋውስ 0.8 ኪሎኸርዝ ትርፍ ጉልበት ናት፣ በሙቀት ቋንቋ 38 ናኖኬልቪን።

ሞለኪውሉ ደፉን እንዳለፈ ወዲያው አይፈርስም። ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። የሚፈርስበት ፍጥነት ከትርፍ ጉልበቱ ካሬ ሥር ጋር ያድጋል፣ ምክንያቱም ትርፉ ትንሽ ሲሆን አቶሞቹ የሚወጡበት ቦታ ጥቂት ነው። ቀመሩ፦ ጋማ ማለት 2 ሲባዛ በሚለያዩት አቶሞች የሞገድ ቁጥር (ኬ)፣ በስካተሪንግ ርዝመቱ፣ በሞመንት ልዩነቱ፣ በስፋቱ፤ ለኤች-ባር (የፕላንክ ቋሚ ለ2 ፓይ ተካፍሎ) ሲካፈል በሰከንድ የመበተን እድል ይሆናል። 1 ኪሎኸርዝ ትርፍ ላይ ዕድሜው 0.65 ሚሊሰከንድ ነው፤ 10 ኪሎኸርዝ ላይ 0.2፤ 100 ኪሎኸርዝ ላይ 65 ማይክሮሰከንድ። መስኩ በፍጥነት ከወጣ ሞለኪውሉ ሳይፈርስ ብዙ ይጓዛል፣ ሲፈርስም አቶሞቹ በብዙ ጉልበት ይለያያሉ። መስኩ ከተንቀራፈፈ ገና ከደፉ ይፈርሳል፣ አቶሞቹም ቀስ ብለው ይሄዳሉ። የስብርባሪው ፍጥነት የመስኩ ፍጥነት መለኪያ ነው።

ለቀጥተኛ ራምፕ በእስክሪብቶ ይፈታል። አማካይ ጉልበቱ ከመስኩ ፍጥነት ጋር በሁለት-ሦስተኛ ፓወር ያድጋል። ለጥንዱ፦ በሰከንድ 1 ጋውስ ላይ 37 ናኖኬልቪን፣ በ10 ላይ 170፣ በ100 ላይ 790፣ በ1,000 ላይ 3.7 ማይክሮኬልቪን። በ100 ላይ እያንዳንዱ አቶም በሰከንድ 7 ሚሊሜትር ይሄዳል።

ፕሮግራሙ ራሱ ቀላል ነው፦ 20,000 ሞለኪውል፣ የ1 ማይክሮሰከንድ እርምጃ፣ በየእርምጃው መስኩ ከፋይሉ ይነበባል፣ ትርፉ ከዜሮ በላይ ከሆነ ዳይስ ይጣላል፣ የፈረሰው ጉልበቱ ይመዘገባል። ትርፉ ከዜሮ በታች ከሆነ ምንም አይሆንም። ይህችን የመጨረሻ መስመር አትርሱ፤ ሳምንት 7 ላይ ሁሉም ነገር በእሷ ነው።

ሁለት ስህተት ወጣ። አንደኛው የዩኒት ነው፦ ቦር ማግኔቶን በቴስላ፣ ስፋቱ በጋውስ ገብተው ጋማ 10,000 እጥፍ ሆነ፣ አማካዩም ወደ 1.7 ናኖኬልቪን ወረደ። እንዲህ ዓይነት ስህተት ይጮኻል፣ ስለዚህ አይጎዳም። ሁለተኛው ዝም ያለ ነው፦ የሞገድ ቁጥሩ ሲሰላ ትርፉ እኩል ይሆናል ኤች-ባር ካሬ ኬ ካሬ ሲካፈል ለአንድ አቶም ክብደት፣ ምክንያቱም ሪዲውስድ ማስ (ለጥንዱ አንጻራዊ እንቅስቃሴ የሚገባው ክብደት) የክብደቱ ግማሽ ነው፣ ከቀመሩ 2 ጋርም ይጣፋል። እዚያ ላይ እንደገና ግማሽ ክብደት ገብቶ ነበር። ውጤቱ በ26 በመቶ ከፍ አለ፣ 790 የነበረው 990 ገደማ ሆነ፣ ለዓይን ምንም አይመስልም። የተያዘው በሩቢዲየም ፍተሻ ነው፦ 1007 ጋውስ፣ ስፋት 0.21 ጋውስ፣ 100.4 ቦር ራዲየስ፣ በሚሊሰከንድ 1 ጋውስ፤ በእጅ 0.48 ማይክሮኬልቪን፣ ፕሮግራሙ 0.60 አለ። ከታረመ በኋላ ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ነው። ጉልበቱ የጥንዱ ነው ወይስ የአንድ አቶም የሚለውንም ፋይሉ አናት ላይ ጻፉ፤ ግማሽ በግማሽ መሳሳት እዚህ ሥራ ላይ እንደ ጉንፋን የተለመደ ነው።

ሳምንት 6፦ ጥርሶቹ

የመጀመሪያው የእውነት መስክ ፋይል ገባ፣ በሰከንድ 100 ጋውስ። አማካዩ 790 አካባቢ፣ ልክ ነው። የጉልበቱ ስርጭት ግን ጥርስ አወጣ፣ በየ5.6 ኪሎኸርዝ አንድ። መጀመሪያ የፕሮግራም ስህተት ተባለ።

ኮዱ ሳይሆን ዳኩ ነበር። አንድ ዋጋ ለመጻፍ 70 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ራምፑ 7 ሚሊጋውስ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ መስኩ ዳገት ሳይሆን ደረጃ ነው የሚወጣው። ሞለኪውሎቹ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆመው ይፈርሳሉ። በሰከንድ 1,000 ጋውስ ደግሞ አንዱ ደረጃ 70 ሚሊጋውስ ነው፣ ራምፕ መሆኑ ቀርቶ ዝላይ ይሆናል። ይሄ በራሱ ጥቅም አለው፦ በ2004 ጋርሺንግ (ጀርመን) የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የኳንተም ኦፕቲክስ ተቋም ቡድን በሩቢዲየም ሆን ብሎ መስኩን ሬዞናንሱን አዘልሎ ከሞላ ጎደል አንድ ጉልበት ያለው የአቶም ሞገድ አግኝቷል። እኛ ግን ዳገት ነው የፈለግነው።

የተሞከረው 1፦ ዳኩ መውጫ ላይ አርሲ ፊልተር (ሬዚስተርና ካፓሲተር)። ጥርሱ ለዘበ፣ ራምፑ ግን መጀመሪያው ላይ ጎበጠ። 2፦ ኦፕ-አምፕ ኢንተግሬተር (መግቢያውን ከጊዜ ጋር እየደመረ የሚሄድ)፣ 1 ማይክሮፋራድ የፊልም ካፓሲተር (ሴራሚክ አይሆንም፣ ቮልቴጅ ሲቀየር ዋጋው ይቀየራል)። ዳኩ አሁን የሚያዘው መስኩን ሳይሆን የመስኩን ፍጥነት ነው። ጥርሱ ጠፋ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር ታየ። ራምፑ ሲጀምር ከረንቱ 30 ሚሊጋውስ ያህል ዘሎ ይመለስ ነበር፣ ኦፕ-አምፑና ኮይሉ ሲገፋፉ። ራምፑ ከሬዞናንሱ 20 ሚሊጋውስ በታች ከተጀመረ ሞለኪውሎቹ በዝላይዋ ይፈርሳሉ፣ ራምፑ ሲደርስ ባዶ ቦታ ያገኛል። መፍትሔው፦ ከኦፕ-አምፑ መውጫ ወደ ተገላቢጦሽ መግቢያው 10 ናኖፋራድ፣ ሞስፌቱ ጌት ላይ 100 ኦም፣ በዚያም ላይ ራምፑን ከሬዞናንሱ 200 ሚሊጋውስ በታች መጀመር።

ሳምንት 7፦ ሃሙና መብራት የሄደበት ምሽት

ሆል ሴንሰሩ ሚሊጋውስ አያይም። ለጩኸቱ ሌላ መሣሪያ ተሠራ፦ 2 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው 200 ዙር የቀጭን ሽቦ ኮይል፣ በዋናው ኮይል መሃል ተጋድሞ፣ 1,000 እጥፍ ከሚያጎላ አምፕሊፋየር ጋር፣ መውጫው ወደ ላፕቶፑ የድምፅ ካርድ። 10 ሚሊጋውስ በ50 ኸርዝ 20 ማይክሮቮልት ይሰጣል። ማስተካከያው በዋናው ኮይል የታወቀ 10 ሚሊአምፔር የ50 ኸርዝ ከረንት መልቀቅ ነው፤ 180 ማይክሮቮልት መምጣት አለበት።

ንባቡ፦ 50 ኸርዝ (ሃም፣ ከመብራት መስመር የሚመጣ ጩኸት)፣ ከፍታው 11 ሚሊጋውስ። ከስፋቱ ሁለት እጥፍ በላይ።

ይሄ ምን ያደርጋል? 11 ሚሊጋውስ በ50 ኸርዝ ሲወዛወዝ ትልቁ ፍጥነቱ በሰከንድ 3.5 ጋውስ ነው። በሰከንድ 100 ጋውስ ለሚሄድ ራምፕ ኢምንት ነው፣ ውጤቱን ከ2 በመቶ ገደማ በላይ አይነካም። በሰከንድ 1 ጋውስ ለሚሄድ ግን ሞለኪውሉን ደፉን የሚያሻግረው ራምፑ አይደለም፣ ሃሙ ነው። መስኩ በማዕበል ወደ ላይ ይወረወራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወረወራል። እንደ መነሻው አጋጣሚ መሻገሪያው ማዕበሉ በፍጥነት ከሚወጣበት ቦታ ላይ ከሆነ አማካዩ ወደ 99 ናኖኬልቪን ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ከሆነ 20 አካባቢ ይወርዳል። ትክክለኛው 37 ነበር። ራምፑን ከዚህ በታች ማዘግየት ምንም አይጠቅምም፣ የፈለገውን ያህል ቢዘገይ። የጋርሺንጉ ቡድን በስብርባሪው ጉልበት የአራት የሩቢዲየም ሬዞናንሶችን ስፋት ሲለካ ዘዴው ብዙ የመስክ ጩኸት ባለበትም ይሠራል ያለው ለዚህ ነው፤ ፈጣን ራምፕ ሃሙን አያይም።

ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩ ወጥቶ ባትሪ ገባ። 11 የነበረው 4 ሆነ። ቀሪው ከየት ነው? ግድግዳው ውስጥ ካለው ሽቦ ነው ተብሎ አንድ ቀን ሙሉ ኮይሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። 4 እንዳለ 4።

ምሽት ላይ ቀረጻው እየሄደ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው፣ ኮይሉም በባትሪው ቀጠሉ። ድምፅ ካርዱ ላይ የ50 ኸርዝ መስመሩ በአንድ ቅጽበት ተኛ፣ ከ0.5 ሚሊጋውስ በታች፣ አምፕሊፋየሩ ራሱ ከሚያሰማው ጩኸት ሥር። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራት ሲመጣ መስመሩም መጣ፣ ግን 4 ሆኖ አልነበረም፤ 0.7 ነበር። የተለየው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ በጨለማ ውስጥ የላፕቶፑ ቻርጀር ከሶኬቱ ተነቅሎ ነበር። ሲሰካ 4፣ ሲነቀል 0.7። አምስት ጊዜ ተደጋገመ።

ሳምንት 8

ምክንያቱ የግራውንድ ቀለበት ነው። ቻርጀሩ በዩኤስቢው በኩል ከአርዱዊኖው ግራውንድ ጋር ይገናኛል፣ አርዱዊኖው ከሻንቱ የግራውንድ እግር ጋር፤ ትንሽ የ50 ኸርዝ ከረንት በዚያች አጭር ሽቦ ያልፋል። 4 ሚሊጋውስ ሻንቱ ላይ 44 ማይክሮቮልት ብቻ ነው፤ የሰርኪውት ቦርድ ላይ ያለች ሁለት ሴንቲሜትር ሽቦ በቀላሉ ትሰጠዋለች። የሻንቱ መለኪያ ሽቦዎች ከከረንት መሸከሚያዎቹ ተለይተው ቀጥታ ከሬዚስተሮቹ እግር ተነሡ፣ ግራውንድ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ተሰበሰበ፣ ስንለካ ቻርጀር አይሰካም። ቻርጀር ተሰክቶም አሁን 1.1 ነው።

ባትሪው 7 አምፔር-ሰዓት ነው፤ በ2.17 አምፔር ሦስት ሰዓት በወረቀት፣ በተግባር ሁለት ሰዓት ከሩብ። ከ11.8 ቮልት በታች አታውርዱት፤ ለሞስፌቱ የሚተርፈው ቮልቴጅ ባይጎድልም ባትሪው ራሱ ይሞታል።

ከጥገናው በኋላ፣ ባትሪ ብቻ፣ በየፍጥነቱ 30 ራምፕ፦ በሰከንድ 100 ጋውስ ከእስክሪብቶው ስሌት ጋር በ2 በመቶ ውስጥ፤ በ10 ጋውስ በ3 በመቶ፤ በ1 ጋውስ አማካዩ ከ34 እስከ 41 ናኖኬልቪን እየዋለለ። ከ1 በታች አልሄድንም፤ እዚያ የቲኤል 431 መንሸራተት ከራምፑ ጋር ይቀላቀላል።

አንድ ነገር ተሞክሮ ተተወ፦ አንዱን ኮይል ገልብጦ ግራዲየንት (ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ መስክ) መሥራት፣ ኢንስብሩክ ሞለኪውሎቹን ከአቶሞቹ የለየበትን መንገድ ለማየት። ሲዚየም አቶምን በስበት ላይ ለማንሳፈፍ በሴንቲሜትር 31 ጋውስ ይፈለጋል፣ ሞለኪውሉን ለማንሳፈፍ 50፤ የእኛ ኮይል በ2.17 አምፔር የሚሰጠው 4 ነው። 17 አምፔር ቢሰጠው ቫርኒሹ ይቃጠላል።

ሳምንት 9፦ የላሜራው በር

በ1 ጋውስ ራምፕ ቀረጻዎች መሃል ሬዞናንሱ የሚደረስበት ሰዓት አንዳንዴ 2 ሚሊሰከንድ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይመጣል፣ 2 ሚሊጋውስ ማለት ነው። ሙቀት አይደለም፣ ድንገት ነው የሚሆነው። ስልክ ላይ ያለ የማግኔቶሜትር አፕ ኮይሉ ጠፍቶ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ነገሩ ተገኘ፦ የግቢው የላሜራ በር ከኮይሉ ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ነው፤ ሲከፈትና ሲዘጋ አግድሙ መስክ 6 ሚሊጋውስ፣ የቁሙ 2 ያህል ይቀየራል።

አግድሙ ቀጤ ስለሆነ 6 ሚሊጋውሱ ኮይሉ ላይ 0.1 ሚሊጋውስ ነው የሚሆነው፣ ይረሳ። የቁሙ 2 ግን እንዳለ ይደመራል። ሳምንት 2 ላይ አትለዋወጥም ያልናት እሷው ነች። ኮይሉ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አራት ሜትር ራቀ፣ በሩ ላይ "ቀረጻ ላይ ነን፣ ሳይከፈት ይጠየቅ" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ስልኩ አሁን በሩ ሲከፈት ምንም አያሳይም፤ ስልኩ ራሱ ግን ከ1.5 ሚሊጋውስ በታች አያይም። ሦስት ቁም መለኪያ ኮይሎችና ዘገምተኛ ኢንተግሬተር ለሚቀጥለው ወር ተመዝግበዋል፣ ሽቦው ከግማሽ ኪሎው ትርፍ ይወጣል።